የዪዉ ገበያ ሲመዘን፦ ለማን ይሆናል፣ ለማንስ አይሆንም?

በቻይና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ዪዉ የምትባል ከተማ አለች። ወደብ የላትም፣ ማዕድን የላትም። ያላት ገበያ ነው፤ ከ75,000 በላይ ሱቆች፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የዕቃ ዓይነት። በየሱቁ 3 ደቂቃ ብቻ እየቆመ፣ በቀን 8 ሰዓት የሚዞር ሰው ገበያውን ለመጨረስ ከ460 ቀን በላይ ያስፈልገዋል። ዕቃ ለማስመጣት ወደ ቻይና የሚሄደው ነጋዴ ጓንግዡን የለመደ ቢሆንም ዪዉን ለብቻዋ መመዘን ያስፈልጋል፤ አሠራሯ የተለየ ነውና።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ሠላሳና አርባ ዓይነት ዕቃ በጥቂት በጥቂቱ ሰብስቦ አንድ ኮንቴይነር መሙላት ለሚፈልግ ነጋዴ ከዪዉ የሚሻል ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ በብዛት ለሚፈልግ ግን ዪዉ ናሙናና ዋጋ ማወቂያ እንጂ መግዣ መሆን የለባትም። ለሁለቱም የሚሠራ አንድ ነገር አለ፦ ገበያው ርካሽ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥራቱን የሚያስከብረው ግን ገዢው ራሱ ነው፤ በትዕዛዝ ወረቀቱና በመጋዘን ፍተሻው።

ገበያው ለምን እዚያ እንደበቀለ ማወቅ ለግዢም ይጠቅማል። ዠጂያንግ 105,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ64 ሚሊዮን በላይ ሰው የተገኘባት ክፍለ ሀገር ናት። ቻይናውያን መሬቷን ሲገልጹ «ሰባት እጅ ተራራ፣ አንድ እጅ ውኃ፣ ሁለት እጅ እርሻ» ይላሉ። እርሻው ስለማይበቃ ሰዉ ወደ ንግድና ወደ እጅ ሥራ ሄደ። የዪዉ ገበሬዎች በክረምት የሸንኮራ ስኳር ተሸክመው በየመንደሩ እየዞሩ በዶሮ ላባ ይለውጡ ነበር፤ ላባው ለማዳበሪያና ለአቧራ መጥረጊያ ይውላል። በ1982 የወረዳው የኮሚኒስት ፓርቲ ጸሐፊ የነበሩት ዢዬ ጋኦህዋ የጎዳና ንግዱን ከማሳደድ ይልቅ ገበያው በይፋ እንዲከፈት ፈቀዱ። የዛሬው ግዙፍ ሕንፃ የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው።

በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ሙያ ይዘዋል። ዳታንግ ካልሲ፣ ዮንግካንግ የብረታ ብረት ዕቃ፣ በርና ፔርሙዝ፣ ኬቺያዎ ጨርቅ፣ ፑጂያንግ የክሪስታል ጌጥ፣ ሼንግዡ ክራቫት፣ ዌንዡ መነጽር፣ ታይዡ ፕላስቲክና የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ፣ ጺሺ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ። ስለዚህ ዪዉ ላይ የሚታየው ጠባብ ሱቅ ብዙ ጊዜ በመኪና ጥቂት ሰዓት ርቀት ላይ ያለ የፋብሪካ መስኮት ነው። ለዚህም ነው ዛሬ ያለቀ ዕቃ በቶሎ የሚተካው።

ዋናው ሕንፃ ዓለም አቀፍ የንግድ ከተማ ይባላል፤ የአካባቢው ሰው ግን ፉትየን ይለዋል። የመጀመሪያው ክፍል በ2002፣ አምስተኛው በ2011 ተከፈተ። ክፍሎቹ በመተላለፊያ የተያያዙ ስለሆኑ ዝናብ ሳይነካ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል፤ ርቀቱ ግን ቀላል አይደለም፤ በአንድ ቀን ከአንድ ክፍል በላይ በደንብ አይታይም። ክፍል 1 ምድር ቤቱ አርቲፊሻል አበባና መጫወቻ ነው (ለቡና የሚነጠፈውን የፕላስቲክ ቄጠማ የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር)፣ ሁለተኛው ፎቅ የፀጉርና የአንገት ጌጥ፣ ሦስተኛው የበዓል ማስጌጫና የግድግዳ ጌጣጌጥ። ክፍል 2 ቦርሳ፣ ሻንጣ፣ ጃንጥላ፤ ከላይ ቁልፍ፣ የእጅ መሣሪያ፣ የወጥ ቤት ዕቃና ሰዓት። ክፍል 3 እስክሪብቶ፣ ወረቀት፣ መነጽር፣ የስፖርት ዕቃ፣ ከላይ መዋቢያ፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ። ክፍል 4 ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ፎጣ፣ ሻርፕ፣ ቀበቶና የውስጥ ልብስ። ክፍል 5 ከውጭ አገር የገቡ ሸቀጦች፣ አልጋ ልብስ፣ መጋረጃና የመኪና ዕቃ። ሱቆቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ተከፍተው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ዕቃ መሸፈን ስለሚጀምሩ ከባዱን ድርድር ጠዋት ጨርሱ።

ሱቁ ፊት የተደረደረው ናሙና ነው፤ ተነሥቶ የሚሸጥ አይደለም። ዋጋ ሲጠየቅ ሻጩ ሒሳብ ማሽን ላይ ቁጥር ጽፎ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ዋጋን ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ገና ምንም አላወቀም። በካርቶን ስንት ፍሬ ይገባል? የካርቶኑ ልክ በሴንቲ ሜትር ስንት ነው? ክብደቱስ? ዝቅተኛው ትዕዛዝ ስንት ካርቶን ነው? ዕቃው መጋዘን አለ ወይስ ገና ይመረታል? ዋጋው ዪዉ እስካለው የኤጀንታችሁ መጋዘን ማድረሻን ይጨምራል? የታክስ ደረሰኝ አለበት ወይስ የለበትም? ገበያው ላይ በብዛት የሚነገረው ዋጋ ያለ ታክስ ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝ ሲጠየቅ ዋጋው ከፍ ይላል። የምርት ፎቶ ማንሳት የማይወዱ ሻጮች ብዙ ናቸው፣ ዲዛይን ይሰረቅብናል ብለው ይፈራሉ፤ አስፈቅዱ። የሱቁን ካርድ ውሰዱና የዕቃውን መለያ ቁጥር ከጀርባው ጻፉበት፤ ማታ ሆቴል ገብቶ የትኛው ካርድ የየትኛው ፔርሙዝ እንደነበር መለየት አይቻልም።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ካርቶኑ ላይ ስለሆነ እዚህ ቆም እንበል። ባለ 40 ጫማ ከፍ ያለው (ሃይ ኪዩብ) ኮንቴይነር በተግባር 68 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ይጭናል፤ ባለ 20 ጫማው 28 ገደማ። ካርቶኑ 60 በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 0.12 ኪዩቢክ ሜትር ነው። የኮንቴይነሩ ማጓጓዣ 4,000 ዶላር ነው ብለን ብናሰላ አንዱ ኪዩቢክ ሜትር 59 ዶላር ገደማ፣ ካርቶኑ 7 ዶላር ከ6 ሳንቲም ይሆናል። ካርቶኑ ውስጥ 48 ፍሬ ካለ በፍሬ 15 ሳንቲም፣ 24 ፍሬ ብቻ ካለ 29 ሳንቲም ያርፍበታል። በ10 ሳንቲም ርካሽ የተባለው ፔርሙዝ በሰፊ ካርቶን ከታሸገ ከውዱ በልጦ ቁጭ ይላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ደግሞ ትዕዛዙ ላይ የተጻፈው የካርቶን ልክና የመጣው ካርቶን አለመመሳሰላቸው ነው። ያው 60 በ40 በ50 የተባለው ካርቶን 62 በ43 በ52 ሆኖ ሲመጣ በዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ ሲሰላ ግን 0.1386 ኪዩቢክ ሜትር ነው፣ ከ15 በመቶ በላይ ጭማሪ። 500 ካርቶን ያዘዘ ሰው 60 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል ብሎ ያሰበው 69 ይሆንበትና ከፊሉ ዕቃ ሳይጫን በር ላይ ይተርፋል። ስለዚህ ትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ የካርቶኑን ልክ አስጽፉ፣ ከልኩ ካለፈ ትርፉን ሻጩ እንዲችል ተስማሙ፣ መጋዘን ሲገባ ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው ይኑር። ካርቶኑ ባለ 5 ንብርብር እንዲሆንም አስጽፉ፤ ባለ 3 ንብርብሩ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ባለው ማውረድና መጫን ይተኛል፣ ከታች ያለው ዕቃ ይጨፈለቃል።

ጥራትን በተመለከተ ሻጩ አታለለኝ ከማለት በፊት ምን እንዳዘዝን ማየት ይገባል። ዪዉ ላይ አንድ ዕቃ በአራትና አምስት ደረጃ ይሠራል፤ ዋጋ በተጨቆነ ቁጥር ፋብሪካው ከውፍረቱ፣ ከግራሙ ወይም ከብረቱ ይቀንሳል። ፔርሙዝ ለምሳሌ ውስጡ 304 በሚባለው የማይዝግ ብረት ወይም በርካሹ 201 ይሠራል። ሁለቱም ማግኔት ብዙም ስለማይስባቸው ማግኔት ይዞ መሞከር ዋጋ የለውም። የብረት መመርመሪያ ጠብታ የሚባል ትንሽ ጠርሙስ አለ፤ የተፈተገ ብረት ላይ ጠብ ሲደረግና በባትሪ ድንጋይ ሲነካ 201 ከሆነ ቶሎ ቀይ ይሆናል። ጃንጥላ ሲሆን የዘንጎቹን ብዛትና ከብረት ይሁኑ ከፋይበር ግላስ፣ ካልሲ ሲሆን የደርዘኑን ክብደት በግራም፣ ፎጣ ሲሆን ልኩንና ግራሙን፣ ዚፕ ሲሆን የስፋት ቁጥሩን (3 ወይስ 5) አስጽፉ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ሶኬቱ ክብ ባለ ሁለት እግር ይሁን ብላችሁ በግልጽ እዘዙ፤ ካልተባለ ለቻይና ገበያ የሚሆነው ጠፍጣፋ እግር ይመጣል። ቀለም ደግሞ «ድብልቅ» ተብሎ አይተው፤ ስንት ጥቁር፣ ስንት ቀይ እንደሚሆን ቁጥር ይጻፍበት። አለዚያ ያልተሸጠው ቀለም በሙሉ ለእናንተ ይመጣል። የጸደቀውን ናሙና ሁለት አድርጋችሁ አንዱን ፈርማችሁበት ሻጩ ጋ ተዉ፣ ሌላው መጋዘን ይቀመጥ።

የታወቀ ምልክት የለበሰ ዕቃ አትንኩ። የቻይና ጉምሩክ ሐሰተኛ የንግድ ምልክት ሲያገኝ ይይዛል፤ ሦስት ካርቶን የውሸት ቦርሳ ሌላውን ሙሉ ኮንቴይነር አስቆመ ማለት ነው። ባትሪ ያለበት ዕቃ፣ ሽቶና ፈሳሽም የራሳቸው ሰነድ ስላላቸው ከሌላው ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት ለጫኙ ይነገር። መዋቢያ አገር ቤት ሲገባ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ መሆኑን አትርሱ።

ኤጀንት ያስፈልጋል ወይ? ለተደባለቀ ኮንቴይነር አዎ። ሱቁ ራሱ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ስለማይልክ ለባንክ የሚሆን ፕሮፎርማና ኢንቮይስ አይሰጥም፤ አርባ ሻጭ የሚያመጣውን አንድ ቦታ ተቀብሎ፣ ቆጥሮ፣ በአንድ ሰነድ የሚልክ ድርጅት ግድ ነው። ኮሚሽኑ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። 1 በመቶ ብቻ እወስዳለሁ የሚል ሲመጣ ቀሪውን ከሻጩ እንደሚወስድ አስቡ፤ ያ ገንዘብ ከእናንተው ዋጋ ላይ የተጨመረ ነው። መከላከያው ቀላል ነው። ዋጋውን ራሳችሁ ከሱቁ ጋር ተደራደሩ፣ የትዕዛዝ ወረቀቱን ቅጂ እዚያው ተቀበሉ፣ መጨረሻ ላይ ኤጀንቱ ከሚያመጣው ሒሳብ ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ። ቀብድ እንደ ዕቃው ይለያያል፣ ለሚመረት ዕቃ 30 በመቶ የተለመደ ነው። ቀሪው መጋዘን ገብቶ ከተፈተሸ በኋላ እንጂ በፊት አይከፈል። ካርቶን የሚከፍት ፈታሽ ከመጣው ውስጥ ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከመሐልና ከሥር እየመረጠ ይክፈት።

ለመላኪያው ዪዉ የራሷ አሠራር አላት። የገበያ ግዢ ንግድ የሚባለውና በቁጥሩ 1039 የሚታወቀው ሥርዓት በአንድ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እስከ 150,000 ዶላር የሚደርስ የተደባለቀ ዕቃ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ለትንሽ ነጋዴ የገበያው ትልቁ አገልግሎት ይህ ነው። በአገር ቤት በኩል ግን የዕቃው ዓይነት በበዛ ቁጥር የታሪፍ ቁጥሩም ይበዛል፤ ሥልሳ ዓይነት ዕቃ ያለበት ኮንቴይነር ትራንዚተሩን ያደክማል፣ ፍተሻውም ይረዝማል። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ (የካርቶን ዝርዝሩ) በፍሬም በክብደትም አንድ መሆን አለባቸው። የዕቃ ስሞቹ አጭርና ግልጽ ይሁኑ፤ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ተብሎ የተጻፈ መስመር ሞጆ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

መውጫው ወደብ በብዛት ኒንግቦ ነው፤ ኒንግቦ-ዡሻን በጭነት ቶን ከዓለም ወደቦች የመጀመሪያው ነው፣ ከዪዉም በጭነት መኪና በጥቂት ሰዓት ይደረሳል። በባቡር እስከ ማድሪድ የሚሄድ መስመርም ከ2014 ጀምሮ አለ፤ ለአውሮፓ ነጋዴ እንጂ ለእኛ አይሠራም።

ወደ ከተማዋ መግባት አያስቸግርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሻንጋይ ፑዶንግ ያርፋል፤ ከዚያ ከተማውን አቋርጦ ሆንግቺያኦ ባቡር ጣቢያ መድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ፈጣኑ ባቡር ከዚያ ወደ ዪዉ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ትኬት በፓስፖርት ቁጥር ይቆረጣል፣ በር ላይ የሚታየውም ፓስፖርቱ ራሱ ነው። ቪዛው የንግድ ሲሆን የጥሪ ደብዳቤ ይጠየቅበታል። ጥሬ ገንዘብ መያዝ ቢቻልም ከሻይ እስከ ታክሲ ሁሉም በስልክ ነው የሚከፈለው፤ አሊፔይ በሚባለው የስልክ መክፈያ ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ከአገር ቤት አገናኝታችሁ ሂዱ። ከ200 ዩዋን በላይ ለሆነ ክፍያ 3 በመቶ ስለሚቆረጥ ለዕቃ ክፍያ አይሆንም፣ ለኑሮ ግን ይበቃል። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ጉግል በቻይና መረብ አይሠሩም። ሻጮቹ በሙሉ ዊቻት በሚባለው የቻይና መልእክት መላላኪያ ላይ ናቸው፣ ከመሄድ በፊት ይከፈት።

በምግብ በኩል ዪዉ ከሌሎች የቻይና ከተሞች ትሻላለች። የአረብና የቱርክ ነጋዴ ስለበዛባት ሐላል ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ፤ ትልቅ መስጊድም አላት። ጾመኛ ግን ይጠንቀቅ፤ አትክልት ብቻ የሆነ የሚመስለው ኑድል መረቁ ብዙ ጊዜ የሥጋ ነው፣ አትክልቱም በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ሥጋም መረቅም ስብም አልፈልግም የሚል ጽሑፍ በቻይንኛ ስልክ ላይ ይዞ ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ያድናል።

አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት የሚገዛ ሰው ዪዉ ላይ ዋጋውን ካወቀ በኋላ ወደ ምንጩ ይሂድ። የመጋረጃና የልብስ ጨርቅ ፈላጊ በሻኦሺንግ ወደምትገኘው ኬቺያዎ፣ ፔርሙዝና በር ፈላጊ ወደ ዮንግካንግ። እዚያ ዝቅተኛው ትዕዛዝ ይከብዳል፣ እንግሊዝኛ ያንሳል፣ አስተርጓሚ ግድ ነው። በካርቶን የሚገዛ ሰው ፋብሪካ በር ላይ ቢቆም ከዪዉ የተሻለ ዋጋ አያገኝም፤ በኮንቴይነር የሚገዛ ግን ልዩነቱን ያያል።

ዕቃ መጋዘን እስኪገባ በሚጠበቅባቸው ቀናት ክፍለ ሀገሯን ማየት ይገባል፣ ውብ ናትና። የኢንተርኔት ገበያው የአሊባባ መቀመጫ የሆነችው ዋና ከተማዋ ሃንግዡ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት በታች ናት። ዢሁ የተባለው ሐይቋ በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ ዳርቻውን መዞር በነፃ ነው፣ ጠዋት ማለዳ ሰው ሳይበዛ መድረስ ይሻላል። ከሐይቁ ጀርባ ባሉት ኮረብቶች ሎንግጂንግ ሻይ ይበቅላል፤ ውዱ በእኛ መጋቢት መጨረሻ ከሚውለው የቺንግሚንግ በዓል በፊት የተቀጠፈው ነው፣ በሌላ ወር «የዘንድሮ መጀመሪያ ቅጠል» የሚል ሻጭ አትመኑ። ሄንግዲያን የፊልም ከተማ ደግሞ ከዪዉ በከተማ ባቡር ይደረሳል፤ የቤጂንግን ቤተ መንግሥት በሙሉ ልኩ ሠርተውታል። የቺያንታንግ ወንዝ ከባሕር ወደ ኋላ የሚመለስበትን ማዕበል ማየት የሚፈልግ በጨረቃ አቆጣጠራቸው 8ኛው ወር በ18ኛው ቀን ሃይኒንግ ላይ ይገኝ፤ በእኛ መስከረም ግድም ነው። ከግንቡ ማዶ መውረድ ግን ሰው ይበላል፣ አጥሩን አትለፉ።

የጉዞው ወቅት ከሁሉ በላይ ነው። የቻይና አዲስ ዓመት በእኛ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ገበያው ከሁለት ሳምንት በላይ ይዘጋል፣ ፋብሪካዎቹ ቀደም ብለው ሠራተኛ ይሸኛሉ፣ ዘግይተው ይከፍታሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ የታዘዘ ዕቃ ወይ ተጣድፎ ይሠራል ወይ እስከ መጋቢት ይቆያል። ለመስከረም የትምህርት ቤት ቦርሳና ደብተር የሚያስመጣ ነጋዴ ምርቱ አንድ ወር ገደማ፣ ባሕሩ አንድ ወርና ከዚያ በላይ፣ ከጅቡቲ እስከ መጋዘኑ ያለው ደግሞ የራሱን ሳምንታት ይወስዳል ብሎ ያስላ፤ ቀብዱ ከሚያዝያ መጨረሻ ማለፍ የለበትም።